ቀን በዳታቤዝ ውስጥ በየትኛው አቆጣጠር ይቀመጥ?

በዚህ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንደኛው ከኮምቦልቻ ፕሮግራመር ነው። ሁለተኛዋ ደሴ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት።

ኮምቦልቻ፦ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ «ዴት» በሚባለው፣ ቀን ብቻ በሚቀበለው የመረጃ ዓይነት፣ ዓመት-ወር-ቀን ተብሎ ይቀመጥ። አለቀ። በቅርቡ ቀኑን ሁሉ በጽሑፍ ያስቀመጠ ሲስተም አይቻለሁ። ቀን/ወር ተብሎ የተጻፈው 02/01 በፊደል ተራ ከ01/12 በኋላ ስለሚሰለፍ መስከረም 2 ከነሐሴ 1 በታች ሆኗል፤ የካቲት 31 ብሎ ያስገባም አለ፣ ማንም አልከለከለው። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራምም «ዴትስታይል» የተባለው የቀን አጻጻፍ ቅንብሩ ወር ቀዳሚ ላይ ከሆነ 05/06/2024ን ሜይ 6 ብሎ ያነበዋል፣ ጸሐፊው ጁን 5 ማለቱ ቢሆንም። 13/06 ሲሆን ስህተት ነው ብሎ ይጮኻል፤ እስከ 12 ያለውን ግን ዝም ብሎ ይውጠዋል። ጳጉሜንን ለመሰለ ልዩ ሁኔታ ፎርሙ ላይ መላ አይጠፋም።

ደሴ፦ ጳጉሜን «ልዩ ሁኔታ» ናት? እኔ የተወለድኩት ጳጉሜን 3 ቀን 1985 ነው። አንዱ ሲስተም 13ኛ ወር የለም ብሎ መዝጋቢው ነሐሴ 30 አደረገኝ፤ እስከ ዛሬ ወረቀቶቼ አይገናኙም። መላ የምትለው ይሄንን ነው? አንዷ እናት በኅዳር ሚካኤል ማግስት ወለድኩ ትለኛለች፣ ሌላዋ መውሊድ በዋለ በሦስተኛው ቀን። እሱን ወደ ቀን ማምጣቱ ሳያንሰኝ ፈረንጁንም ላስላ?

ኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ አስዪ ማን አለሽ? ኅዳር 13 ብለሽ ጻፊ፣ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። ፖስትግሬስ ውስጥ እኮ ዴት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 የተቆጠረ የቀን ብዛት ነው፣ የፈረንጅም የሐበሻም አይደለም። ክትባት በ6ኛው ሳምንት ነው፤ ከጽሑፍ ላይ ሳምንት እንዴት ትቆጥሪያለሽ?

ደሴ፦ ስለ ልዩ ሁኔታው አልመለስክልኝም ወንድሜ። በ2015 ጳጉሜን 6 ነበረች፣ የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ዋለ። የኛው ኮምፒውተር 11 አለው። እስከ የካቲት 21 የገባው ሁሉ በአንድ ቀን ተዛነፈ፣ ተሰዳቢዋ ግን መስኮቱ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

ኮምቦልቻ፦ ያ የጻፈው ሰው ጥፋት ነው እንጂ የዴት አይደለም! አንዲት ቃል ይዘሽ እስከ መቼ ነው? ፎርሙ ላይ 13ቱም ወር ይኑር፣ መቼ እንቢ አልኩ?

ደሴ፦ እንግዲያው የጻፍኩትም እንደጻፍኩት በሌላ ዓምድ ይቀመጥልኝ።

ኮምቦልቻ፦ ሁለቱ ሲጋጩስ የቱ ነው ልኩ?

ደሴ፦ እናትየዋ እጅ ላይ ያለው ካርድ።