አገር ማዳኛ 7 ዶላር

እ.ኤ.አ. በ2020 ለአንድ የአሜሪካ ፖለቲከኛ 10 ዶላር ለገስኩ። ለማን እንደሆነ ይለፈኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ እፎይ ብሎ አያውቅም። «ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ሁሉም ነገር ያከትማል። አገርዎን ለማዳን 7 ዶላር ብቻ!» ይላል አንዱ መልእክት። ይነጋል። አገሪቱ እንዳለች አለች። አውቶቡሱም እንደ ልማዱ አርፍዶ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ሌላው ይከተላል፦ «ዝም አሉን። ከእነሱ ጋር ነዎት ማለት ነው?» ያበደረ ሰው እንኳን እንዲህ አይጨቀጭቅም።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቡና የምጠጣበት ካፌ ሁለት የማይቀሩ ደንበኞች አሉት። አንደኛው ጋሼ የምላቸው፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠዋትም ማታም ለሪፐብሊካኖች የሚያደላው ፎክስ ኒውስ ነው። ሁለተኛው በዕድሜ የሚያንሳቸው ነርስ ነው። እሱ ደግሞ ለዴሞክራቶች የሚያደላው የኤምኤስኤንቢሲ (ከ2025 ወዲህ ኤምኤስ ናው) ሰው። ድሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። አሁን በየፊናቸው ማዳመጫ ሰክተው ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። አንድ ቀን ከጀርባቸው ሳልፍ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። የሁለቱም ስክሪን ላይ ያለው ወሬ አንድ ነበር። የሚለያየው ፍሩት የተባለው ሰው ብቻ ነው።

ሁለቱ ጣቢያዎች የተወለዱት በአንድ ዓመት ነው፣ በ1996። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1987፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አከራካሪ ጉዳይ ሲያነሱ የተለያየ ሐሳብ እንዲያሰሙ የሚያስገድደው ደንብ ተሽሮ ነበር። «ያ ደንብ ቢመለስ ሁሉም ይስተካከላል» የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። ደንቡ የተበጀው የአየር ሞገድ ፈቃድ ለያዙ ጣቢያዎች ነው። በጋሼ ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ ማን አስቦት?

ችግሩ ገበያው ላይ ነው። የዶሚኒየን ክስ ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ዶሚኒየን የድምፅ መስጫ ማሽን የሚሠራ ኩባንያ ነበር። ከ2020 ምርጫ በኋላ ማሽኖቹ ድምፅ ሰርቀዋል የሚል ወሬ በፎክስ ተደጋግሞ ተላለፈ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የአንዳንድ አቅራቢዎችና ኃላፊዎች የግል መልእክት ወጣ። ለካ ጓዳ ውስጥ ወሬውን ራሳቸውም አያምኑትም። የፈሩት ሌላ ነው፤ ተመልካቹ ተቀይሞ ጎረቤት ጣቢያ እንዳይሄድባቸው። በ2023 ፎክስ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ክሱ በስምምነት ተዘጋ። አየር ላይ ወጥቶ ይቅርታ ለመጠየቅ አልተገደደም። ጋሼ ስለዚህ ክስ የሰሙት ከእኔ ነው።

በ2008 የሪፐብሊካኑ ዕጩ ጆን ማኬይን ሚኒሶታ ውስጥ ከደጋፊዎቻቸው ጋር ሲነጋገሩ አንዲት ሴት ተነስታ ተፎካካሪያቸውን ኦባማን አላምነውም፣ አረብ ነው አለች። ማይኩን ተቀበሏት። አይደለም፣ ጨዋ የቤተሰብ ሰው ነው፣ እኔና እሱ የምንለያየው በሐሳብ ነው አሏት። (አረብ ቢሆንስ ምን ነበረበት? መልሱ እንከን አለው። ግን ዛሬ ከራሱ ደጋፊ ላይ ማይክ የሚቀበል ማን አለ?) በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከትራምፕ ደጋፊዎች ግማሽ ያህሉን «አሳፋሪዎች» ብለው አንድ ቅርጫት ውስጥ ከተቷቸው። በ2023 ትራምፕ ተቃዋሚዎቻቸውን ተባይ አሏቸው። ተባይ ደግሞ አይከራከሩትም። ፍሊት ይነፉበታል።

በ2017 የሪፐብሊካን እንደራሴዎች ቤዝቦል ሲለማመዱ አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ተኮሰባቸው። ከመካከላቸው ስቲቭ ስካሊስ ተመትተው ለጥቂት ተረፉ። ሜዳው እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው። በ2024 ትራምፕ በትለር፣ ፔንሲልቬኒያ ላይ ጆሯቸውን ተመቱ። በ2025 የሚኒሶታዋ ዴሞክራት ሜሊሳ ሆርትማን ከነባለቤታቸው ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። በዚያው ዓመት የትራምፕ ደጋፊና ቀስቃሽ የነበረው ቻርሊ ከርክ ዩታ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲናገር ተገደለ። ደሙ ሳይደርቅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ተኳሹ የማን ወገን ነው?» ያኛው ወገን እንዲሆን ይጸለያል። እኛ ስደተኞች ይህችን ጸሎት እናውቃታለን። የሆነ ቦታ ጥቃት ሲደርስ «አደራህን፣ የእኛ ሰው አይሁን» ብለን ቴሌቪዥን ላይ እናፈጣለን። አሁን ጸሎቷ የአገሬው ሆናለች።

«ሁለቱም ያው ናቸው» ማለት ይቀላል። ልክ አይመስለኝም። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ምክር ቤቱን ሰብሮ የገባው ሕዝብ የአንድ ወገን ነበር። ከፕሬዚዳንት አፍ የወጣ ቃልም ከአንድ ተራ ተሳዳቢ ቃል ይከብዳል። በ2024ቱ የምርጫ ክርክር ትራምፕ የስፕሪንግፊልድ፣ ኦሃዮ የሄይቲ ስደተኞች የሰው ውሻ ይበላሉ አሉ። የግዛቱ ገዢ፣ ያውም ሪፐብሊካን፣ መረጃ የለውም ቢሉም የቦምብ ዛቻ ጎረፈ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሄይቲዎቹ ምን አደረጉ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ያን ምሽት ጋሼ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ዝም አሉ። ሂሳባቸውን ከፍለው ወጡ።

እኛስ ብንሆን ከዚህ ገበያ መች ባዶ እጃችንን ወጣን? በ2021 የቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ ብዙ ሐበሻ በባይደን የኢትዮጵያ ፖሊሲ ተናዶ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሰ። መብቱ ነው። ግን ለዴሞክራት ድምፅ የሰጠ ባንዳ ነው ሲባል እዚሁ ካፌ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነርሱ ጠረጴዛ የቀየረው ያን ቀን ነው። ማን እንደተናገረው ታውቃላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ከጋሼ ጋር ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ።

«ምን አሉህ ልጄ?»

«አገር ልትጠፋ ነው ጋሼ። እኩለ ሌሊት ላይ።»

«ስንት ነው ዛሬ?»

«15 ዶላር።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «7 አልነበረም እንዴ? እሱም ጨመረ?»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ ነርሱ ማዳመጫውን ነቀለ። «ለእኔ 25 ነው የላኩልኝ» አለ።