አይጠየፍ ሆድ

የደሴ ሰው እንግዳ ሳያበላ አይሸኝም ሲባል ሰምተን አድገናል። ይሄ ደግነት እስከ ትልቁ አንጀት ድረስ መውረዱን ግን ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ካለነው ስምንት ሰዎች አምስታችን ባክቴሪያ እንቀልባለን።

እንዴት መሰላችሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሻይ ሳይመጣ፣ ኮዳ ከቦርሳ ይወጣል። ነጭ ዱቄት በማንኪያ ይገባበታል። ይናጣል። የእናቶቻችን የቅቤ ቅል እንኳ እንዲህ ተከብሮ አልተናጠም። ከዚያ ባለ ኮዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፕሪባዮቲክ ነው» ይላል። ያልጀመሩት አንገታቸውን ይደፋሉ።

ላልገባው ላስረዳ። በአንድ ሰው ገላ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ እንዳለ ይገመታል፤ አብዛኛው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው የሚኖረው። እኛ መፍጨት ያቃተንን አሰር፣ ፋይበር የሚሉትን ማለት ነው፣ እነሱ ያብላሉታል። ውለታም አይረሱም፤ ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይመልሱልናል፣ የትልቁ አንጀት ግድግዳ በእሱ ይቀለባል። ፕሪባዮቲክ ማለት እንግዲህ የእነዚህ እንግዶች ምግብ ነው። ስሙን ግሌን ጊብሰንና ማርሴል ሮበርፍሮይድ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡለት በፈረንጆቹ 1995 ነው። ከዚያ በፊት የወሎ ባክቴሪያ ምን ይበላ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ጾሙን ሳያድር አልቀረም።

ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ሰው ሳይለዩ ግብር ለማብላት ነው ይባላል። ስሙም ከዚያው መጣ። ዛሬ እያንዳንዳችን ሆዳችን ውስጥ ትንሽ አይጠየፍ ይዘን እንዞራለን። ግብሩ ብቻ ከቤልጂየም ይመጣል።

እውነቴን ነው። ኢኑሊን የሚባለው ይህ ዱቄት የሚወጣው ከቺኮሪ ተክል ሥር ነው፤ በብዛት የሚመረተውም ቤልጂየምና ሆላንድ ነው። ከዚያ ይነሣል፣ ዱባይ ያድራል፣ የሰው ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ጣርማበርን ያቋርጣል፣ ሐረጎን ይወጣል፣ ደሴ ይገባል። ሰኞ ገበያ ላይ የተከመረው ሽንኩርት አጠገብ ሲደርስ ቀና ብሎም አያየው። ቀይ ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም ውስጥ ያለው ያው ኢኑሊን ነው። ግን ከውጭ የመጣ ሰው አገር ቤት የቀረ ዘመዱን መቼ ሰላም ይላል?

ከሁሉ የማደንቀው አሰሩን ከራሳችን የምናርቅበትን ጥበብ ነው። ስንዴው ኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካ ይገባል። ነጩ ፊኖ ለእኛ ይወጣል። ፉርሽካው፣ አሰሩ ያለበት ማለት ነው፣ ለበሬ ይሄዳል። በሬው ያለ ኮዳ፣ ያለ ማንኪያ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት ይበላዋል። ሆዱም ሰላም ነው። በዓል ሲደርስ በሬውን በቁርጥ እንበላዋለን። አሰሩ ሥጋው ውስጥ የለም። ቢሆንም ሆዱ ሰላም የነበረ በሬ መብላታችን ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። በማግስቱ ድርቀት ሲይዘን ጣሳውን እንከፍታለን።

ጤፍማ ጠባይ የላትም። ደቃቅ ናት፣ ልጣጯን ልንገፍላት ብንል እጅ አትገባም። እንዳለች ከነሁሉ ነገሯ ትፈጫለች። ይህን ጥፋቷን የምናርመው ሩዝ እየቀላቀልንባት ነው። እንጀራው ነጣ ማለት ሰው ኑሮው ተሻሻለ ማለት ነው። አሰሩን ደግሞ ለብቻው እንገዛዋለን፤ እንደ ትርፍ ሻንጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይብላ ብሏል። ያውም ከምግቡ ከራሱ የሚገኝ። ይቺ «ከምግቡ ከራሱ» የምትለዋ ነገር የእኔ ጣሳ ላይ አልተጻፈችም፤ ቦታ ጠቧት ይሆናል። አንድ ማንኪያ ዱቄት ሦስት አራት ግራም ቢሰጥ ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወደ 15 ግራም ይጠጋል። ምስር ግን ኮዳ ውስጥ ገብቶ አይናጥም። ፎቶም አይነሣም። (ሐኪም ለድርቀቱ ያዘዘለት ሰው አለ። እሱ ይውሰድ፣ ይጥቀመው። እኔ የማወድሰው ሳንታመም የምንታከመውን ነው።)

አዎ፣ የእኔ ጣሳ አልኩ። እኔም ገብቼበታለሁ። ስንት እንደገዛሁት ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ እዚህም አልነግራችሁም፣ ታነባለች። ጣሳው ላይ «በግማሽ ማንኪያ ይጀምሩ፣ ቀስ እያሉ ይጨምሩ፣ ውሃ በደንብ ይጠጡ» የሚል አለ። ይሄ ለፈረንጅ ሆድ ነው አልኩ። የወሎ እንግዳ በግማሽ ማንኪያ ይስተናገዳል? ሦስት ሙሉ ማንኪያ ጨመርኩላቸው። «አፈር ስሆን!» እያልኩ።

የዚያኑ ዕለት ለሥራ ኮምቦልቻ መውረድ ነበረብኝ። ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፣ መሐል ወንበር ደረሰኝ። ሐረጎ ላይ ጉም ተኝቷል። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ እንግዶቼ ግብሩን ጨርሰው ጭፈራ ጀመሩ። ባክቴሪያ አሰር ሲያብላላ ጋዝ ያወጣል፤ ይሄ ሳይንስ ነው። ጋዝ መውጫ ይፈልጋል፤ ይሄም ሳይንስ ነው። የሚኒባስ መስኮት አይከፈትም፤ ይሄ ከሳይንስ በላይ ነው። አንድ ጋሼ ቀስ ብለው መስታወቱን ገፋ ቢያደርጉት ከኋላ «ኧረ ልጁን ንፋስ ይመታብኛል!» ተባለ። ተዘጋ። ሾፌሩ ዘፈኑን ከፍ አደረገው፤ ውለታውን አልረሳም። ለድምፁ ማለቴ ነው። ለሌላው ዘፈን አይደርስለትም። ከጎኔ ያለችው ልጅ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ሳበች። እኔም አብሬ አፍንጫዬን ይዤ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ምስኪን ሰውዬ በክፉ ዓይን አየሁት። ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ስነግራቸው ደስ አላቸው። «እየሠራልህ ነው ማለት ነው!» አሉኝ። ሆድ ከተነፋ እየሠራ ነው። ካልተነፋም ውስጥ ውስጡን እየሠራ ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ መሥሪያ ቤታችን ቢኖረው የት በደረስን።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ከኩታበር መጣች። እንደ ልማዷ በሶ፣ አብሽና ተልባ ተሸክማ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሆድ ምግብ ነው እትዬ።»

«ሆድ ምግብ ሳይበላ ቀርቶ ያውቃል?»

«ለሆድ አይደለም። ሆድ ውስጥ ላሉት ነው። ለባክቴሪያዎቹ።»

«ለትል?»

«ትል አይደሉም። ጥሩዎቹ ናቸው።»

«ወላሂ እናንተ ከተማ ገብታችሁ ትሉንም ትቀልቡት ጀመር?» አለችና ጣሳውን አንሥታ አገላበጠችው። «ከምን ይሠራል?»

«ከሥር። ቤልጂየም ከሚበቅል።»

ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። «ተልባ አያበቅሉም ማለት ነው፣ ውይ!» አለች። ከልቧ ነው ያዘነችላቸው።

ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚያሙለጨልጨው ነገር ራሱ የሚሟሟ አሰር ነው። አብሽ ተነክሮ የሚያብጠውም በዚያው ጉዳይ ነው። ይህን አልነገርኳትም። ብነግራት ቀጥላ የጣሳውን ዋጋ ነበር የምትጠይቀኝ።

ስትሄድ አንድ ነገር ለመነችኝ። ዱቄቱን አይደለም፣ ጣሳውን። ክዳኑ ግጥም ይላል፣ ለተልባዋ ይሆናታል። የቀረውን ዱቄት ፌስታል ውስጥ ገልብጬ ጣሳውን ሰጠኋት። ፌስታሉ አሁንም ቁም ሳጥኑ ላይ አለ፤ በሦስት ማንኪያ ካየሁት በኋላ ብዙም አልተቀራረብንም። ደግነቱ ሁለቱን ባንድ ዋጋ ነበር የሸጡልኝ፤ ያልተከፈተ አንድ ጣሳ ይቀረኛል።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። ጎረቤቶቿ ጣሳውን አይተዋል። «የውጭ ተልባ መጣልሽ ወይ?» እያሉ ስኒ ይዘው ይመጣሉ አለችኝ። ከገዛ ማሳቸው አጠገብ የበቀለውን ተልባ። አንዷማ ሁለት ቀን ጠጥታው «ሆድ ላይ ቀለል ይላል፣ ከእኛው ጋር በምን ይገናኛል!» ብላታለች። አክስቴ እስክትነግረኝ ድረስ ሦስት ጊዜ በሳቅ ተቋረጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያን ሁለተኛውን ጣሳ መቼ ነው የምትጨርሰው?»