የሰው ትግል የከፈተልን በር

የዋሽንግተን ዲሲ ወገኖቼ፣ ስለ እኛና ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ዛሬ የምናገረው ደስ አያሰኛችሁም።

ኤፕሪል 16 የከተማው በዓል ነው፤ ለብዙዎቻችን ግን መኪና በነፃ የሚቆምበት ቀን ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. በዚያ ዕለት ፕሬዚዳንት ሊንከን በፈረመው ሕግ በዚህች ከተማ በባርነት የተያዙ ከ3,000 በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ። ዝርዝሩን ግን ልብ በሉ። በነፍስ ወከፍ እስከ 300 ዶላር የሚደርሰው ካሣ የተከፈለው ለጌቶቻቸው ነው። ዕድሜ ልኩን ያለ ደመወዝ የለፋው ሰው ምንም አልተቆረጠለትም፤ ወደ ሃይቲ ወይም ወደ ላይቤሪያ ለመሄድ ከተስማማ ብቻ እስከ 100 ዶላር ይታሰብለታል። ነፃ ነህ ተብሎ ወዲያው በሩን አሳዩት።

ክትፎና ጥብስ የምንሸጥ ሰዎች ደግሞ ይህን እንስማ። በ1950 ሜሪ ቸርች ቴሬል የተባሉ የ86 ዓመት ጥቁር እመቤት ከጓደኞቻቸው ጋር መሐል ከተማ ቶምፕሰን ምግብ ቤት ገብተው፣ ጥቁር አናስተናግድም ተባሉ። ቤታቸው ገብተው አላለቀሱም። ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት፤ በከዘራ ተደግፈውም ጥቁር በማያስተናግዱ መደብሮች በር ላይ ሰልፍ ቆሙ። በ1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አድልዎ የሚከለክሉት የ1872 እና የ1873 ሕጎች ዛሬም ይሠራሉ ብሎ ፈረደ። ሰማንያ ዓመት አቧራ ሲጠጡ የኖሩ ሕጎች ናቸው። ለእኛ ለአፍሪካውያን በር የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም የወጣው በዚያው የመብት ትግል ጉልበት ነው።

ታዲያ በእነዚህ ሰዎች ድካም ገብተን፣ ማዕድ ላይ ተቀምጠን «ጥቁር አሜሪካዊ ሥራ አይወድም» እንላለን። አናፍርም? በአገራችን ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 እ.ኤ.አ. መሆኑን የረሳ ካለ ያስታውስ።

በ2005 እ.ኤ.አ. ሻው በተባለው ሰፈር የ9ኛ ጎዳናን አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ለማሰኘት ሲሞከር የሰፈሩ ነባር ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ቅናት ነው ያልን አልጠፋንም። ጥቁርና ነጭ በሚለያይበት ዘመን ሰፈሩ የእነርሱ መናኸሪያ ነበር፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሳው የ1968ቱ ሁከት ሲቃጠልም ያዩት እነርሱ ናቸው። ስም ከመለጠፍ በፊት ቡና ጠርቶ ማነጋገር ያባት ነበር።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልን የምንሸሸውስ እስከ መቼ ነው? ቋንቋ አልችልም ማለት አያስኬድም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የሰፈሩ ተመራጮች ለከተማው አስተያየት የሚሰጡበት የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን (ANC) ስብሰባ ለማንም ክፍት ነው። እኛ ግን ብቅ የምንለው የመጠጥ ፈቃዳችን ላይ ተቃውሞ ሲነሳ ነው፤ ያን ዕለት ወንበር ይጠበናል። የጎረቤት ኪራይ ወይም የትምህርት ቤት ጉዳይ የሚታይ ከሆነ ግን ከእኛ አንድ ሰው አይገኝም።

በሚቀጥለው ወር አጀንዳው ላይ የእናንተ ስም ባይኖርም ሂዱ። ከነባሮቹ ጎን ተቀመጡ፣ መጀመሪያ አድምጡ። የእነርሱ ጉዳይ ድምፅ ሲፈልግ ተነስታችሁ ተናገሩ፤ ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ከጠፋ ለሁለት ሰዓት ዝጉት።