ለእሳቸው እንዳይነገራቸው

አገር ቤት ሽማግሌ አስታሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ምርመራው አልቆ ውጤት ሊነገር ሲል ልጅ ቀድሞ ይገባና ሐኪሙን በዓይኑ ይጠቅሳል። "ለእሳቸው እንዳይነገራቸው።" ሐኪሙም ለምዶታል። አባት "ትንሽ ጨጓራ ነው፤ መድኃኒት እናዝልዎታለን" ይባላሉ። ዋናው ነገር ኮሪደር ላይ ለልጆች ይነገራል። በሁለት ቀን ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ሳይሰማ የሚቀረው ታማሚው ብቻ ነው።

ለነገሩ ታማሚውም አይጠፋውም። የቤተሰባችን ወዳጅ የነበሩ አንድ አዛውንት እንዲህ ተደብቆባቸው ወራት ቆዩ። ዘመድ ሁሉ ድንገት ብርቱካን አንጠልጥሎ ሲመላለስ፣ ለስንት ዓመት ድምፁ ጠፍቶ የነበረው የወንድማቸው ልጅ ከጅማ ድረስ ሲመጣ፣ ምን ሊሰወርባቸው? ዝም ብለው የእድራቸውን የዓመት መዋጮ አጠናቀው ከፈሉ። የቤቱን ካርታ ለትልቋ ልጃቸው አስረከቡ። ልጆቹ እንዳይደነግጡባቸው ብለው ደግሞ ማወቃቸውን እሳቸው ደበቁ። አንድ ጣሪያ ስር ሁለቱም ወገን ሲተውኑ ከረሙ።

እኔ ያለሁበት አሜሪካ ይህ ጨዋታ አይሄድም። በፈረንጆቹ 1990 የወጣ ሕግ አለ። ሜዲኬር ከሚባለው የመንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ፣ አዋቂ ታካሚ ሲያስተኛ መብቱን ይነግረዋል። ራስዎን ባያውቁ ምን ይደረግልዎ፣ ማንስ ይወስንልዎ የሚል ሰነድ አለዎት ወይ ብሎም ይጠይቀዋል። የእኛ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ያማትባል። "ገና ሳልሞት ስለሞቴ ይጠይቁኛል እንዴ?"

አንድ ቀን የጓደኛዬን እናት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ወደሚገኝ ክሊኒክ ሸኝቼ ነበር። ሐኪሟ ስትጠይቅ ልጅ ይመልሳል። እንቅልፍስ? ደህና ነው። ምግብስ? ትበላለች። ሐኪሟ ትንሽ ታገሰችና ወንበሯን ወደ እናትየው አዞረች። አስተርጓሚ በስልክ አስገብታ ድምፁን ከፍ አደረገች። "አሁን ደግሞ ከእርስዎ ልስማ። ከጤናዎ ምኑ ቢስተካከልልዎ ይሻላል?" እናትየዋ ልጃቸውን አየት አደረጉና "ሌሊት ሽንት ቤት ስሄድ እፈራለሁ" አሉ። ሁለቴ ወድቀው ኖሯል። ልጅ የሚያውቀው ነገር የለም። እሳቸውም ከሥራ ያስቀሩታል ብለው ደብቀዋል።

በዚህ እሳቸው ብቻ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከአራቱ አንዱ በየዓመቱ ይወድቃል። ከወደቁት ለሐኪም የሚናገሩት ከግማሽ በታች ናቸው። የእማማ ነገር መፍትሔው ቀላል ነበር። ምንጣፉ ተነሣ፣ ኮሪደሩ ላይ የሌሊት መብራት ተደረገ፣ መታጠቢያ ቤቱ መያዣ ብረት ተገጠመለት።

(እዚያው ክሊኒክ የማስታወስ ፈተና ሰጧቸው። ሰዓት ይሳሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያድርጉት ተባሉ። እማማ አጭሯን እጅ አምስት ላይ አሳረፏት። የእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ የት ሊያርፍ ነው? ዓመተ ምሕረቱንም በእኛ አቆጣጠር ተናገሩ። አስተርጓሚው ባያስረዳልን ኖሮ በስምንት ዓመት ልዩነት "ጃጅተዋል" ተብለው መዝገብ ላይ ሊሰፍሩ ነበር።)

ታዲያ አሜሪካ ለሽማግሌ ገነት ናት እያልኩ አይደለም። በፈረንጆቹ 1965 የታወጀው ሜዲኬር ሐኪሙንና ሆስፒታሉን ይከፍላል። በየቀኑ የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚያጎርስ ሰው ግን ለረጅም ጊዜ አይከፍልም። ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአዛውንት መጦሪያ፣ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ያጠራቀመውን ጨርሶ፣ ደሃ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የድሆች የጤና መድን የሚደርስለት። ከአገር ቤት በግሪን ካርድ ያመጣናቸው ወላጆችማ፣ እዚህ ሠርተው የማያውቁ ከሆነ፣ ሜዲኬርን ከፍሎ ለመግባት እንኳን አምስት ዓመት መኖር አለባቸው።

ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚሠሩ ያገሬ ልጆች የሚያወሩትን ብትሰሙ ይገርማችኋል። አሮጊቷ ሁሉን ነገር ይጠየቃሉ። ሻወር ጠዋት ነው ማታ? ሰማያዊው ሹራብ ነው ቀዩ? መልሳቸው ይከበራል። እሑድ ሙሉ ግን በራቸውን የሚያንኳኳ የለም። ልጃቸው በዓመት አንዴ፣ በገና ብቅ ይላል። እጃቸውን ይዛ የምታዋያቸው የእኛዋ ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳቷ፣ ናት። የራሷ እናት አዲስ አበባ በሠራተኛ እጅ ናቸው።

አገር ቤት የዚህ ግልባጭ ነው። ቤቱ ሰው በሰው ነው። ቡና ተፈልቶ ብቻውን የሚጠጣ ሽማግሌ አይገኝም። ብቻ ክብራችን ሥራ ያስፈታል። "እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ አለንልዎት" እያልን በቁማቸው ወንበር ላይ እንሰፋቸዋለን። ጓሮ ሲኮተኩቱ የኖሩ ሰው ዶማ ይቀማሉ። ወር ሳይሞላ ጉልበታቸው ሲከዳቸው "ዕድሜ ነው" እንላለን። እሳቸውም አምነው ይደግሙታል። ዓይን ሲደክም ዕድሜ ነው። ጆሮ ሲከብድ ዕድሜ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከማየት መሳናት መንስኤዎች ቀዳሚው የዓይን ሞራ ነው። እሱ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነገር ነው። ስንቱ አዛውንት "ዕድሜ ነው" ተብሎ በጨለማ እየተቀመጠ ይሆን?

ሽማግሌዎቹን ራሳቸውን ስጠይቅ፣ እዚህም እዚያም፣ ከበሽታ ስም የሚጀምር የለም። የኛዎቹ "አልጋ ላይ ሳልወድቅ፣ ሰው ሳላስቸግር ይውሰደኝ" ይላሉ። የፈረንጁም ቃል ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁሉም የሚፈልጉት በእግራቸው ወጥተው በእግራቸው መግባት ነው።

የሚያስታምመውን ሰውም የሚጠይቅ የለም። በእኛ አቆጣጠር የ1992ቱ የተሻሻለው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ልጅ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ምግቡም፣ መጠለያውም፣ ልብሱም፣ ሕክምናውም እዚያ ውስጥ አለ። ሌሊት ተነሥቶ ማን ያገላብጣቸው የሚለውን ግን ሕጉ አይመልስም። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያላገባችው እህት ናት። ካሊፎርኒያ ውስጥ አቅም የሌላትን እናቷን የምትንከባከብ ልጅ በመንግሥት ፕሮግራም በሰዓት ሊከፈላት ይችላል። የእኛዋ "ተመረቂ" ትባላለች። ምርቃት መልካም ነው፣ ግን ለቤት ኪራይ አይሆንም።

ባለፈው የማውቀው አንድ ቤተሰብ በቫይበር ተሰበሰበ። አንዱ ዳላስ፣ አንዷ ቶሮንቶ፣ አንዷ ስቶክሆልም፣ አስታማሚዋ እህት አዲስ አበባ። የእናት ጉልበት ባንኮክ ይታይ አይታይ ነው ክርክሩ። ብር ሁሉ ተዋጥቶ አልቋል። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ስለነበር እናት አልጋቸው ላይ ሆነው ይሰማሉ። መጨረሻ ላይ ስልኩን አቀብይኝ አሉ። "ባንኮክ የሚሄደው ማነው? መጀመሪያ ማን ጠየቀኝ? በጉልበቴ ቀስ ብዬም ቢሆን እሄዳለሁ። የሚጥለኝ አለማየቴ ነው። ዓይኔን እዚሁ አሳዩኝ።"

ዓይናቸው እዚያው አዲስ አበባ ተሠራ፤ አሁን ደጃፍ ይወጣሉ። ለባንኮክ የተዋጣው ብር ግን ምን ይደረግበት የሚለው እስካሁን አልተቆረጠም። እህትየው ሌሊት ሌሊት የሚተካኝ ሰው ይቀጠርበት ብላለች። ዳላስ ያለው ወንድም እያሰበበት ነው።