ዳታቤዝ ማዛወር ኮፒ ፔስት አይደለም!

«ኮፒ ፔስት አይደል እንዴ? ይህን ያህል ጊዜ ምን ያደርግልሃል?» የሚለኝ ሰው በዛ። ስለዚህ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ልዘርግፈው። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ነኝ። ሥራዬ ደህና ሲሆን ማንም አያየውም፤ እሱ አይከፋኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ ድርጅት ሲስተም ልቀይር ብሎ ሲነሳ ለስክሪኑ ቀለም ስብሰባ ይጠራል፣ ለሎጎው ስብሰባ ይጠራል፣ ለምረቃው ኮሚቴ ይቋቋማል። የስንት ዓመት መረጃ ከአሮጌው ዳታቤዝ ወደ አዲሱ እንዴት እንደሚሻገር ግን ዕቅዱ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ትሰጠዋለች። «ዳታ ማዛወር፦ ቅዳሜ ማታ»። በቃ! ፕሮግራሙን የሚጽፉት ሲዘገዩ ደግሞ የሚቆረጠው ከእኛ የሙከራ ጊዜ ነው። የምረቃው ቀን አይነካማ።

እስቲ ኮፒ ፔስት የተባለውን ነገር ጠጋ ብለን እንየው።

የራሳችንን ፊደል እንውሰድ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት የተለመደ ዘዴ) 3 ባይት (የማከማቻ ቦታ መለኪያ) ይይዛል። ኦራክል በሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ 100 ብላችሁ የከፈታችሁት የጽሑፍ ኮለም (የሠንጠረዥ ዓምድ)፣ ካልነገራችሁት በስተቀር የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ስለዚህ የሚገባው 33 ፊደል ብቻ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ የሙከራ ስም ሲገባበት ሁሉም ሰላም ነው። እውነተኛው አድራሻ በአማርኛ ሲመጣ ኤረር። ኤረር መስጠቱስ ደግ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው ሌላ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ ኮለሙ ኤንቫርቻር (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚቀበል ዓይነት) መሆን ሲገባው በተለመደው ኮሌሽን (የፊደል ቅንብር) ቫርቻር (የተወሰኑ ፊደላትን ብቻ የሚይዝ ዓይነት) ሆኖ ከተሠራ ምንም ሳይናገር የሰውየውን ስም በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ስክሪኑ ላይ «????» ያየ ሁሉ «ፎንት ጫንበት» ይለኛል። የፎንት ጉዳይ አይደለም! ፊደሉ የለም። ከጀርባ ተደብቆ የተቀመጠ ነገር የለም። አሮጌው ዳታቤዝ ቀድሞ ከጠፋ ያ ስም የሚገኘው ባለቤቱን ጠርቶ በመጠየቅ ብቻ ነው።

ቀኑስ? ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ቅንብሩ ላላ ባለበት ቦታ ሁሉ 0000-00-00 የሚል ቀን ሲቀበል ኖሯል። ፖስትግሬስ የሚባለው ሌላው ግን እንዲህ ያለውን ቀን በጭራሽ አያስገባም፤ ልክም ነው። ታዲያ ዓመቱም ወሩም ዜሮ የሆነውን የልደት ቀን ምን ላድርገው? ኑል (ያልታወቀ፣ ምንም ያልተሞላበት) ላድርገው? ኮለሙ ኑል አይፈቅድም። አንድ ቀን ፈጥሬ ላስገባበት? ይህን መወሰን ያለበት የሥራው ባለቤት ነው። ደውዬ ስጠይቅ «አንተ የመሰለህን አድርግ» እባላለሁ። በሰው የልደት ቀን ላይ የመሰለኝን! ነገ ያ ሰው ጡረታ ሲጠይቅ የእኔን ግምት ይዘው ሊከራከሩት ነው እኮ።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ድምፅ የማያሰማው ስህተት ነው። ኦራክል ባዶ ጽሑፍንና ኑልን አይለያቸውም፤ ባዶ ብትልኩለት ኑል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ፖስትግሬስ ይለያቸዋል። አፕሊኬሽኑ ስልክ ለሌለው ደንበኛ ባዶ ጽሑፍ ሲልክ ኖሮ፣ ሪፖርቱ ደግሞ «ስልኩ ኑል የሆነውን አውጣ» የሚል ሆኖ ዓመታት ሠርቷል። ከተዛወረ በኋላ አዲስ የሚመዘገቡት ባዶ ሆነው ይቀመጡና ሪፖርቱ ውስጥ አይወጡም። ኤረር የለም። ሎጉ ንጹሕ ነው። ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። ይህን ማግኘት የሚቻለው አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሪፖርት በሪፖርት በማነጻጸር ነው። ያቺ ማነጻጸሪያ ጊዜ ናት እንግዲህ ሁሌ የምትቆረጠው!

ሲኩዌንሱንም (ለእያንዳንዱ አዲስ ረድፍ ተራ ቁጥር የሚሰጠውን ቆጣሪ) ልጥቀስ። ፖስትግሬስን በሎጂካል ሪፕሊኬሽን (የአንዱን ዳታቤዝ ለውጥ እየተከተለ ወደ ሌላው በሚያደርስ ዘዴ) ስናዛውር፣ እስከ 18ኛው ቨርዥን ድረስ፣ ረድፎቹ ይሻገራሉ እንጂ ሲኩዌንሱ የደረሰበት ቁጥር አይሻገርም። ካላስተካከሉት አዲሱ ዳታቤዝ ከ1 ይጀምርና የመጀመሪያው ደንበኛ ሲመዘገብ «ይህ ቁጥር ተይዟል» ብሎ ይመልሰዋል። ማስተካከያው ቀላል ነው። ግን ማታ በድካምና በጥድፊያ ከሚረሱት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ስታቲስቲክሱም (ዳታቤዙ ፈጣኑን መንገድ ለመምረጥ ስለ ረድፎቹ የሚይዘው መረጃ) እንደዚሁ። ፒጂ አፕግሬድ (ፖስትግሬስን ወደ አዲስ ቨርዥን የሚያሻግረው ፕሮግራም) 18ኛው ቨርዥን እስኪመጣ ድረስ የቴብሎቹን (የሠንጠረዦቹን) ስታቲስቲክስ ይዞ አይሻገርም ነበር። አናላይዝ ሳይደረግ (ስታቲስቲክሱ እንደገና ሳይሰበሰብ) ከተከፈተ ዳታቤዙ የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣው ሳያውቅ በጭፍን ይሄዳል፤ ትናንት በቅጽበት የመጣ ኩዌሪ (የመረጃ ጥያቄ) ዛሬ ቡና አስፈልቶ ያስጠጣል።

ከዚያማ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሲስተም ከተንቀረፈፈ ጥፋተኛው ዳታቤዝ ነው፤ ምርመራ አያስፈልገውም። ኔትወርኩ ቢሆንስ? አፕሊኬሽኑ አንዲት ገጽ ለመክፈት ሺህ ኩዌሪ እየላከ ቢሆንስ? ማን ሊሰማ! ዳታቤዙ አለመሆኑን እኔ ካስረዳሁ በኋላ ነው ሌላው የራሱን ጓዳ ማየት የሚጀምረው።

በቅርቡ የሆነውን ላውራችሁ። በሥራ ሰዓት አንዱ ዴቨሎፐር ትልቅ ቴብል ላይ ኮለም ልጨምር ብሎ ኦልተር ቴብል የሚባለውን የሠንጠረዥ መቀየሪያ ትእዛዝ ላከ። እንዲህ ያለው ሥራ በራሱ ቅጽበት ቢፈጅ ነው፤ ግን ለዚያች ቅጽበት ቴብሉን ብቻውን መያዝ አለበት። ከእሱ በፊት ደግሞ ከሪፖርት ማውጫው የመጣ አንድ ሴሽን (ከዳታቤዙ ጋር የተከፈተ ግንኙነት) ያንኑ ቴብል አንብቦ ትራንዛክሽኑን (የጀመረውን ሥራ) ሳይዘጋ ተቀምጧል። ኦልተሩ እሱን ይጠብቃል። ከኦልተሩ በኋላ የመጡት ደግሞ፣ ተራ ንባብ እንኳን ሳይቀር፣ ኦልተሩን ይጠብቃሉ። ብዙም ሳይቆይ ኮኔክሽኑ ሞላና ሲስተሙ ቀጥ አለ። ሲፒዩውን ብታዩት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ስልኬ አላርፍ አለ። «ሪስታርት አድርገው!» «አሁኑኑ ሪስታርት!» ፒጂ ስታት አክቲቪቲን፣ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የፖስትግሬስ ዝርዝር፣ ከፈትኩ። ወረፋው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከሁሉም ፊት «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» (ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ የፈታ) የሚል ሴሽን አለ፣ ከጠዋት ጀምሮ የተከፈተ። እሱን አንዱን አቋረጥኩት። ሁሉም ነገር ወዲያው መፍሰስ ጀመረ። ሪስታርት ባደርገውም ይለቀቅ ነበር፤ ግን ማን እንደያዘው ማስረጃው አብሮ ይጠፋና በማግስቱ ያው ይደገማል። ኦልተሩም ቢሆን ሎክ ታይምአውት የምትባል፣ የመጠበቂያ ጊዜውን የምትገድብ አንዲት መስመር ቀድማ ብትጻፍለት ኖሮ ወረፋውን ሳያስረዝም ራሱ ይወጣ ነበር። ለአለቆች የሄደው ሪፖርት ታዲያ ምን ይላል? «የዳታቤዝ ችግር ተፈቷል።» ዳታቤዙ እኮ የታዘዘውን ነው ያደረገው! አንድ ሰው ትራንዛክሽን ከፍቶ እያነበበ ቴብሉ ከሥሩ እንዳይቀየርበት መጠበቅ ሥራው ነው።

«አንተ ታካብዳለህ» ለምትሉኝ፣ እሺ እኔን ተዉኝ። በፈረንጆቹ 2018 ኤፕሪል ላይ ቲኤስቢ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ ደንበኞቹን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። ተቆጣጣሪዎቹ በኋላ እንዳረጋገጡት ዳታው ራሱ በደንብ ተሻግሯል። አያችሁ? ኮፒ ፔስቱ ተሳክቷል! ሲስተሙ ግን ወዲያው ተናጋ፤ ሰዎች ሒሳባቸውን መክፈት አቃታቸው፤ ነገሩ ወደ ወትሮው እስኪመለስ ዓመቱ ሊያልቅ ደረሰ። በ2022 ዲሴምበር ላይ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። እኔ የምለምነው የሙከራ ጊዜ የዚህን ስንት እጅ ይሆናል?

«ባክአፕ አለ አይደል?» የምትሉትም አላችሁ። ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ በ2017 ጃንዋሪ 31 የሆነውን አስታውሱ። አንድ ባለሙያ ሌሊት ላይ ሪፕሊካ (የዋናውን ተከታይ ቅጂ) ሲያስተካክል የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ። ወደ ባክአፑ ሲዞሩ የለም። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ቨርዥን 9.6 ሆኖ ባክአፕ የሚያደርገው ፕሮግራም 9.2 ስለነበር ሲከሽፍ ከርሟል፤ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ሳይደርስ ተመልሷል። ያተረፋቸው ያው ባለሙያ ከአደጋው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ ያነሳው ስናፕሾት (የዚያን ቅጽበት ቅጂ) ነው። ሁሉንም በግልጽ ለዓለም መጻፋቸውን አከብራለሁ። ሪስቶር ተደርጎ (ዳታው ከእሱ ተመልሶ) ያልታየ ባክአፕ እኔ ባክአፕ አልለውም። ይህን በስብሰባ ስናገር ግን ፊት የሚያጠቁርብኝ ብዙ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከዋናው ቀን በፊት በእውነተኛው ዳታ፣ በሙሉ መጠኑ፣ ሙሉ ልምምድ ይደረግ። በትንሽዬ የሙከራ ዳታ አይደለም፤ 0000-00-00 እዚያ ውስጥ አይገኝም። የረድፍ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ድምር፣ የስም ፊደል፣ የቀን ልክ ይመሳከር። የሪፖርቶቹ ባለቤቶች መጥተው የራሳቸውን ሪፖርት በዓይናቸው አይተው ይፈርሙ። እኔ ፈርሜ የማልጨርሰው ነገር ነው፤ የሒሳብ ክፍሉን ሥራ ከሒሳብ ክፍሉ በላይ ላውቅ አልችልም።

መመለሻውም ይታሰብበት። አዲሱ ሲስተም ተከፍቶ ሰው መመዝገብ ከጀመረ በኋላ «ወደ አሮጌው መልሰው» ማለት፣ ቀድሞ ካልተዘጋጁበት፣ አዲስ የገባውን ሁሉ መጣል ነው። ስለዚህ እስከ ስንት ሰዓት ድረስ መመለስ እንደሚቻል፣ ከዚያስ በኋላ «ቀጥል» ወይም «ተመለስ» ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነ በስም ተጽፎ ይቀመጥ። ባለፈው ስብሰባ ይህንኑ ስጠይቅ ሁሉም አቀርቅሮ ስልኩን ማየት ጀመረ። ቅጹ እጄ ላይ ነው፣ «ወሳኝ» የሚለው ቦታ ክፍት ነው። የማንን ስም ልጻፍ? ስሙ ሳይመጣ ቀን አልቆርጥም፤ ይህንንም በጽሑፍ አሳውቄአለሁ።