ጅማ ጎን ለጎን፣ ሜሪላንድ ፊት ለፊት

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሃይማኖትና ሃይማኖት የሚገናኙት በቀጠሮ ነው። ቀን ይቆረጣል፣ አዳራሽ ይያዛል፣ ደረት ላይ የሚለጠፍ የስም ወረቀት ይታደላል፣ ከዚያ ቄሱም ረቢውም ኢማሙም ተራ በተራ ይናገራሉ። ቡናም አለ፤ ቡና ነው ብዬ ግን ለጅማ ሰው አፌን ሞልቼ አልናገርም። ነገሩ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ተደርጎ ነበር፤ በ1965 ደግሞ ቫቲካን ካቶሊኮች ሙስሊሙንም አይሁዱንም በአክብሮት እንዲያዩ የሚል ሰነድ አወጣች። ዛሬ ውይይቱ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፣ ደሞዝ የሚበላበትም አለ።

ጅማ ላደገ ሰው ይሄ መጀመሪያ ላይ ያስቃል። ከሙስሊም ጋር ለመገናኘት ምን ቀጠሮ ያስፈልጋል? አጥሩ አንድ ነው። አዛኑም ቅዳሴውም እኩል ነው ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስህ።

የክርስቲያን ሠርግ ካለ ለሙስሊም ጎረቤት በግ ለብቻ ይገዛል። የሚያርደው ሙስሊም ነው፣ ቢስሚላህ ብሎ። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ፣ ወጡን የሚሠሩትም የራሳቸው ሴቶች ናቸው። እናቶቻችን ሽር ጉድ እያሉ፣ እንግዳ እየተቀበሉ፣ ልጅ እየተቆጡ፣ አንዱ ጭልፋ ተሳስቶ ወደ ሌላው ድስት እንዳይገባ የሚከታተሉበትን ዓይን የባንክ ኦዲተር የለውም። ሙስሊሙ ሲደግስ ደግሞ ተራው የነሱ ነው። ለቅሶ ሲሆንማ ይብሳል። ሙስሊም አብዛኛውን ጊዜ በሞተበት ቀን ስለሚቀበር ክርስቲያኑ ጎረቤት የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፣ መቃብር ድረስ ይሸኛል፣ ሶላቱ ሲሰገድ ዳር ላይ ይቆማል። እዚያ የስም ወረቀት የለጠፈ ሰው አላየሁም።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጣጠሙ ጅማ ነበርኩ። አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር የምስር ሳንቡሳ ይጠበሳል። ዘይትና ምስር ስለሆነ ለኛም የጾም ነው፣ ለነሱም ማፍጠሪያ ነው። ሰልፉ ላይ ማን ማን እንደሆነ መለየት የሚቻለው በአለባበስ ብቻ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። አንዱ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ አንዱ እዚያው ቆሞ ይገምጣል፣ አለቀ።

ይሄን ስናገር ብዙ ዲያስፖራ ዓይኑ እንባ ያቀራል። «የኛ አገር እኮ ውይይት አያስፈልጋትም፣ ኖራዋለች» ይልሃል። ታሪክም ይጠቅሳል፦ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው እስካሁን የቆመው ሙስሊሙ ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ ግዛታቸውን ራሳቸው አስተዳደሩ፣ በክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ሥር። እውነት ነው። ግን በ2003 ዓ.ም. ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አሰንዳቦም እውነት ናት። ቁርኣን ተቀደደ የሚል ወሬ ተነሣ፣ ከዚያ እሷና አካባቢዋ ላይ በአሥር የሚቆጠሩ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሸ። እዚያም ሰው አጥር ይጋራ ነበር፣ እዚያም ለቅሶ ይደረስ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ጋ ነው። አብረን እንበላለን፣ አብረን እንቀብራለን፣ ግን ስለምናምነው ነገር አንጠያየቅም። መጠየቅ ነውር ነው፣ ነገር መፈለግ ነው። ስለዚህ ጎረቤትህ ምን እንደሚያምን የምትሰማው ከራስህ ሰባኪ ነው፣ አሁን አሁን ደግሞ ከቲክቶክ። ወሬ ሲመጣ «እስቲ እሳቸውን ልጠይቅ» የሚል ልምድ የለንም።

የፈረንጆቹን አዳራሽ ማክበር የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ምሽት የዮሴፍን ታሪክ ከኦሪት ዘፍጥረትና ከሱራ ዩሱፍ ጎን ለጎን አነበብን። ቁርኣኑ ላይ የጌታው ሚስት ያሟት ሴቶች ይጋበዛሉ፣ ቢላ ይሰጣቸዋል፣ ዮሴፍ ብቅ ሲል በውበቱ ደንግጠው እጃቸውን ይቆርጣሉ። ይሄ ኦሪቱ ላይ የለም። አንዲት ሽማግሌ አይሁድ ሴትዮ ኢማሙን ፊት ለፊት «እናንተ ዮሴፍን ነቢይ የምትሉት ለምንድነው?» ብላ ጠየቀች፣ እሱም ሳይከፋው መለሰላት። ከተበተንን በኋላ ግን ማንም የማንንም ቤት አያውቅም። ሴትዮዋ ብትሞት ኢማሙ የሚሰማ አይመስለኝም።

የኛ ሰዎች ነገር ደግሞ የባሰ ነው። እዚህ ያለነው ሐበሾች ክርስቲያኑ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ ወደ መስጊዱ፣ የምንገናኘው እንጀራ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው፣ እሱም በጥድፊያ። አገር ቤት የነበረውን ጉርብትና ትተን መጣን፣ የፈረንጁን መጠያየቅም አልወሰድንም። የተረፈን ስልክ ላይ መሰዳደብ ነው። አገር ቤት ላሉት «ተቻቻሉ» እያልን ገንዘብ የምንልክ ሰዎች ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አንድ ፎቅ ላይ እየኖርን ሰላምታ የለንም። ይሄን ስል የሚቀየመኝ ይኖራል፣ ይቀየመኝ።

በዚያው በ2017 ጾም፣ እማማ የምላቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ቤት ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ገባሁ። ከሶላት እስኪመለሱ ጠበቅኩና ስለ ዩሱፍ አነሳሁባቸው። ደስ ብሏቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩልኝ፣ ሴቶቹ ጋ ሲደርሱ እየሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እናትህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጠይቃት ፈልጌ አፍሬ የተውኩት ነው። ሥዕሉ ፊት ስትሰግዱ የምትሰግዱት ለሥዕሉ ነው?» አሉኝ።

የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት እንደሚለይ፣ ክብሩም ለተሣለው እንጂ ለእንጨቱና ለቀለሙ እንዳልሆነ የምችለውን ያህል አስረዳኋቸው። አዳመጡኝ።

«አልተዋጠልኝም» አሉ። «ሳንቡሳው ይቀዘቅዛል፣ ብላ።»

እኔም በተራዬ ስለ ዒሳ፣ ስለ ኢየሱስ ማለት ነው፣ ጠየቅኳቸው። እሱ ላይ ሁለታችንም ድምፃችን ከፍ አለ መሰለኝ፣ ልጃቸው ከጓዳ ብቅ ብሎ «ተጣላችሁ እንዴ?» አለን። «ዝም በል፣ እየተጫወትን ነው» አሉት እማማ፣ ወደኔ ዞረው ካቆሙበት ለመቀጠል።