ቀልደኛ ሰው «እወድሻለሁ» ሲል

አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ከታዘብኳቸው ነገሮች አንዱ፣ እዚህ ያሉ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሰዎች በራሳቸው አለመተማመናቸውን እንደ ገመና አለመሸሸጋቸው፣ ይልቁንም የቀልዳቸው መነሻ ማድረጋቸው ነው። ኮሜዲያኑ መልኩን፣ ቁመቱን፣ በወደዳት ሴት ፊት መንተባተቡን ሌላ ሰው ሳይቀድመው ራሱ ይናገረዋል። ሥራውም ቢሆን ለጥርጣሬ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በተጀመረው «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተሰኘ የቅዳሜ ማታ የኮሜዲ ፕሮግራም ላይ ጸሐፊዎቹ ማክሰኞን ሲጽፉ ያድራሉ፤ ረቡዕ ጽሑፋቸው ጠረጴዛ ዙሪያ ይነበባል፤ ከንባቡ የተረፈው ጭውውት ደግሞ ቅዳሜ ማታ በተመልካች ፊት ተሞክሮ፣ ካላሳቀ የቀጥታ ስርጭቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ይጣላል። በየሳምንቱ እንዲህ እየተመዘነ የሚኖር ሰው «ያለ ቀልዴ ማን ይወደኛል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ኮሜዲያኑ ኮናን ኦብራያን እ.ኤ.አ. በ1993 ከኮሜዲ ጸሐፊነት ተነሥቶ የሌሊት ፕሮግራም አቅራቢ ሲሆን ብዙ ተቺዎች አልማሩትም፤ ጣቢያውም ውሉን ባጭር ባጭሩ እያደሰ በሥጋት አኖረው። የኋላ ባለቤቱን ሊዛ ፓወልን ያገኛት በ2000 ሲሆን፣ አስቂኝ ዝግጅት ሊቀርጽ በሄደበት የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ትሠራ ነበር። ልቡ ሲሸነፍ ካሜራው እየቀረጸ ነበር፤ በ2002 ተጋቡ።

እኛ ግን በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌቪዥናችን አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰን፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩን እያየን ስንስቅ፣ ሳቃችን በአብዛኛው በሚጫወቱት ገጸ ባሕርይ ላይ እንጂ በራሳቸው የልብ ቁስል ላይ አልነበረም። ይህ ጨዋነት ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ የተሻለው መንገድ ይህ ነው ብዬ አምን ነበር። ዛሬ ግን ጥርጥሬ በዝቷል። አሜሪካዊውም ቢሆን ራሱን ማዋረዱን እንደ ጋሻ ሲይዘው አያለሁ፤ ሆኖም ጥርጣሬውን አንዴ ጮክ ብሎ ከተናገረ በኋላ፣ ቀልዱ ወድቆ አዳራሹ ጸጥ ባለበት ምሽት አብራው የምታመሽ ሴት የምትወደው እርሱን መሆኑን ለማመን ይቀለዋል።

አገር ቤት ያለ አንድ ኮሜዲያን ወዳጄ ለወደዳት ሴት ሦስት ጊዜ ፍቅሩን ቢነግራት ሦስቱንም ጊዜ «ቀልድህን ተው» ብላ ሳቀችበት፤ በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። አባትየው «ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው የሚሠራው» ብለው አለፉት፤ ውሸትም አልነበረም። ልጅቱ ተሰጠችው፤ እርሱ የሚፈራትን ቃል ሌሎች ተናገሩለት። ባለፈው ስንደዋወል፣ ከተጋቡ ወዲህ ሳይቀልድ «እወድሻለሁ» ብሏት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። የመለሰልኝ ነገር በሳቅ አንፈረፈረኝ፤ ጥያቄዬን እንዳልመለሰው ያስተዋልኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።